ቢላዋ የሌለው ቀዶ ሕክምና

በጎንደር ከተማም ሆነ በዳባትና በደባርቅ ደጋ፣ ራስ ምታት እንደ ቀላል ሕመም የሚቆጠር ነው። ይሁን እንጂ ከቀን ወደ ቀን ሲብስ፣ መንስኤው ከአንጎል ሽፋን የሚበቅል ዕጢ ሊሆን ይችላል።

የስዊድኑ ሊቅ ላርስ ሌክሴል በ1951 እ.ኤ.አ. ስም ያወጣለት የጨረር ቀዶ ሕክምና የራስ ቅልን ሳይከፍት 200 ያህል ቀጫጭን ጨረሮችን በዕጢው ላይ ያገናኛል። እያንዳንዱ ጨረር ለብቻው ደካማ ነው፤ በተገናኙበት ስፍራ ግን ይበረታሉ።

ለዘብተኛው፣ ማለትም 1ኛ ደረጃ የተባለው ዕጢ፣ ከመቶ 90 በሚያህሉ ሕሙማን ላይ ለ5 ዓመት ሳያድግ ይቆያል። 2ኛውና 3ኛው ደረጃ ግን ብርቱ ነው፤ ብዙ ጊዜ ጨረሩ ካረፈበት ስፍራ ዳር ተመልሶ ይበቅላል። ስለዚህ አስቀድሞ በቀዶ ሕክምና ይወጣል፤ ጨረሩ ለተረፈው ይሆናል፤ ከዚያም በኋላ ክትትሉ አይቋረጥም። ዕጢው ትንሽ ሳለ ሲደረስበት ተስፋው ይሰፋል።

በ1954 እ.ኤ.አ. የተከፈተው የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ያሠለጠናቸው ባለሙያዎች ወደ ገጠር የወጡት ሕመም ሳይበረታ እንዲገታ ነበር። እኛም ዓይኑ የደበዘዘውን ወይም በጕልምስናው ድንገት የሚጥል ሕመም የጀመረውን ሰው ሳይውል ሳያድር ለሐኪም ማሳየት የተማረ ወጣት ሁሉ ግዴታ ነው እንላለን።