ጥያቄው በኢንተርኔት፣ መልሱ ከካሊፎርኒያ

አንድ ተማሪ ጥያቄ ይዞ ወደ ቤተ መጻሕፍት ሲሄድ የሚያገኘው መልስ ብቻ አይደለም። ባለሙያው ካታሎጉን ሲያገላብጥ፣ ከመደርደሪያ ወደ መደርደሪያ ሲሸጋገር በዐይኑ እየተከተለ የፍለጋን ጥበብ ሳይታወቀው ይማራል። ጥያቄው በኢንተርኔት ሲቀርብስ ይህ ትምህርት ወዴት ይሄዳል? በዚህ ጽሑፍ የምንመለከተው ይህንኑ ነው።

የአሜሪካ የኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት እ.ኤ.አ. በ2000 ከሌሎች ቤተ መጻሕፍት ጋር በመተባበር የጋራ ዲጂታል የማጣቀሻ አገልግሎት በሙከራ ጀመረ። እያንዳንዱ አባል የበረታበትን የዕውቀት ዘርፍና የሥራ ሰዓቱን አስቀድሞ ያስመዘግባል፤ ጥያቄ ሲመጣ ኮምፒውተሩ መዝገቡን አይቶ ለሚመጥነው ያስተላልፋል። የመጀመሪያው ጥያቄ ስለ ጥንታዊ የባይዛንታይን ምግብ ነበር፤ መልሱም የመጣው ካሊፎርኒያ ከሚገኘው የሳንታ ሞኒካ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ነው። የአውስትራሊያ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍትም አባል ስለነበረ፣ ዋሽንግተን ስትተኛ ጥያቄ የሚቀበል አይጠፋም ነበር። ሥራው በ2002 ኩዌሽን ፖይንት ተብሎ ተስፋፋ።

ጠያቂው በዚህ ሌሊቱንም ሰው አገኘ። ይሁንና በሌላ ክፍለ ሀገር ያለ ባለሙያ፣ ተማሪው መምህሩ ያዘዘውን መጽሐፍ ከየትኛው መደርደሪያ እንደሚያነሣ፣ ለስንት ቀን እንደሚዋስ ሊነግረው አይችልም። ዓለም አቀፍ ጥያቄ በቀላሉ ሲመለስ የሰፈሩ ጥያቄ ማደሩ፣ መቼም የሚያስገርም ነው።

የጠፋውን ትምህርት ለመመለስ የታሰበው «አብሮ ማሰስ» የተባለው መሣሪያ ነበር። ባለሙያው የከፈተው ድረ ገጽ በጠያቂው ኮምፒውተር ላይም ይከፈታል፤ ሁለቱ እየተጻጻፉ አንድ ገጽ ያያሉ። ሐሳቡ ግሩም ነበር፤ ነገር ግን የይለፍ ቃል በሚጠይቁ የመጽሔት ክምችቶች ላይ ይደናቀፋል፣ በዘገምተኛ መስመር ላይ ይቆማል። ስለዚህ ብዙዎቹ ቤተ መጻሕፍት ወደ ተራው የጽሑፍ ውይይት ተመለሱ። ጠያቂውም አድራሻ ይላክለታል፤ አድራሻው እንዴት እንደተገኘ ግን አያይም።

ከ2020 ወረርሽኝ ወዲህ በቪዲዮ መነጋገርና የኮምፒውተርን ገጽ ማጋራት ሲለመድ ነገሩ ተገለበጠ። አሁን ገጹን የሚያጋራው ተማሪው ራሱ ሊሆን ይችላል፤ ማውዙ በእጁ ነው፣ ባለሙያው በቃል ይመራዋል። በእኛ አስተያየት ይህ ከቀድሞው ይሻላል፤ የሚፈልገው እጅ የተማሪው ነውና። ዋጋው ግን አለ። በጽሑፍ ውይይት ጊዜ ስሙን ሳይገልጥ ይጠይቅ የነበረ ሰው፣ ገጹን ሲያጋራ ሳይዘጋ የተወውን ደብዳቤም ቀደም ሲል የፈለገውንም ያሳያል፤ ስለ ሕመሙ ሊጠይቅ የመጣ ሰው ገና ሳይጠይቅ ይመለስ ይሆናል።