ቤተ ልሔም ዘጋይንት፤ በክብ ቤት ውስጥ የተሰወረች ጥንታዊት ቤተ ክርስቲያን

የጌታችን የመድኃኒታችን የኢየሱስ ክርስቶስ የልደት በዓል በደረሰ ጊዜ የይሁዳዋ ቤተ ልሔም በምእመናን ሁሉ አንደበት ትወሳለች። በሀገራችንም ይህንኑ ስም ይዛ ለዘመናት የኖረች የገጠር ደብር በደቡብ ጎንደር፣ በጋይንት ምድር ትገኛለች። ሰፈራችን ልደታ ስሙን ያገኘው ከእመቤታችን የልደት በዓል ነውና፣ ቤተ ክርስቲያን ለአገር ስም እንደምትሆን ለእኛ ነጋሪ አያስፈልገንም።

ቤተ ልሔም ማለት የኅብስት ቤት ማለት ነው። በየአጥቢያው በቤተ ክርስቲያኑ ምሥራቅ በኩል የምትሠራው፣ ለቅዳሴ የሚቀርበው መሥዋዕት የሚሰናዳባት ትንሽ ቤትም በዚሁ ስም ትጠራለች። የጋይንቷ ቤተ ልሔም ግን የታወቀችው በዜማ ኅብስት ነው። በዜማ ትምህርት ቤተ ልሔም፣ ቆማና አጫብር እየተባሉ ከሚጠሩት ስልቶች አንዱ ከእርሷ የወጣ ነው። ድጓን በሌላ ጉባኤ ቤት የተማረ ደቀ መዝሙር እንኳ ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ፣ ቀለሙን ለማስመስከር ወደዚያች ደብር ይገሰግሳል። የቅዱስ ያሬድ ድርሰት እየታረመ ከትውልድ ወደ ትውልድ የተሻገረው በእንዲህ ዓይነት የገጠር አጥቢያ ነው።

የሕንፃዋ ነገር ደግሞ ሌላ ምሥጢር አለው። እንደሚታወቀው በደጋው አገር የሚበዛው ቤተ ክርስቲያን ክብ ሲሆን፣ ቅኔ ማኅሌቱ ቅድስቱን፣ ቅድስቱም አራት ማዕዘን የሆነውን መቅደስ ይከባሉ። ቤተ ልሔምንም ከውጭ ያየ መንገደኛ ከእነዚህ እንደ አንዷ ይቆጥራታል። ወደ ውስጥ ሲዘልቅ ግን በክቡ ቤት መካከል ራሱን የቻለ፣ በአራት ማዕዘን የታነጸ የመካከለኛው ዘመን ቤተ ክርስቲያን ያገኛል። ቶማስ ፓከንሃም የተባለው እንግሊዛዊ ወጣት በዘመኑ በሣር ክዳን ሥር ያየውን ይህን ሕንፃ እ.ኤ.አ. በ1959 ባሳተመው የጉዞ መጽሐፍ ለውጭው ዓለም አስተዋውቋል። ለደብሩ ካህናትና ሊቃውንት ግን ነገሩ አዲስ አልነበረም፤ ዘወትር የሚቀድሱበት ቤታቸው ነበርና።

ጥንታውያን አብያተ ክርስቲያናት ከጥፋት የዳኑት በልዩ ልዩ መንገድ ነው። ድንጋይና እንጨት እያፈራረቁ የሠሩትን የይምርሐነ ክርስቶስን ቤተ ክርስቲያን የጋራው ዋሻ ከዝናብ ጋርዶታል። ደብረ ዳሞን የአምባው ገደል ጠብቆታል። ለቤተ ልሔም ግን ዋሻም ገደልም የሆነላት በላይዋ የለበሰችው ክብ ቤት ነው። ያንን የደረቡ አባቶች አዲሱን ለመሥራት ሲሉ አሮጌውን አላፈረሱም።

ዛሬ በየገጠሩ የሚታየው ብዙ ጊዜ የዚህ ተቃራኒ ነው። ይህ ጸሐፊ በተማሪነቱ ዘመን በአንድ አጥቢያ አዲስ ሕንፃ ሲሠራ፣ ከአሮጌው የወጣው ጥርብ በር ለማገዶ ተፈልጦ አይቷል። ማንም በክፋት አላደረገውም፤ የሕዝቡ ልብ በአዲሱ ደስታ ተሞልቶ ነበር። በሩ ግን ዳግመኛ አይገኝም።

የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስን ያለ ፈቃድ መጠገንም ሆነ መለወጥ እንደማይገባ ደንግጓል። ይሁን እንጂ አዋጁ በሩቅ ያለችውን ደብር ብቻውን አይጠብቃትም። የአዲስ አበባ ምእመን ለትውልድ መንደሩ ቤተ ክርስቲያን ማሠሪያ መዋጮ በተጠየቀ ቁጥር እጁን ሲዘረጋ፣ «አሮጌው ምን ሊሆን ነው?» ብሎ ቢጠይቅ ከገንዘቡ የማያንስ ስጦታ ሰጠ ማለት ነው። ለአዲሱ ሥፍራ ቢፈለግ አሮጌው ሳይነካ በአጠገቡ ሊሠራ ይችላል፤ ክዳኑ ቢያፈስም ክዳኑን ማደስ ግድግዳውን ከማፍረስ ይቀላል።

የጌታን ልደት ያስተናገደችው ቤተ ልሔም ከይሁዳ ከተሞች ታናሽ ነበረች። የጋይንቷም ቤተ ልሔም እንዲሁ ታናሽ የገጠር ደብር ናት፤ በውስጧ የያዘችው ግን ብዙ ነው።

መልካም የልደት በዓል ያድርግልን።