ያውቁ ኖሯል? በረዶ የማያሻው ሆኪ

በአሜሪካ የኮሌጅ ወንዶች የበረዶ ሆኪ ከፍተኛው ደረጃ 6 ኮንፈረንሶች (የቡድኖች ምድቦች) አሉት። የየኮንፈረንሱን ዋንጫ ያነሳ ኮሌጅ 16 ቡድኖች ወደሚፋለሙበት አገር አቀፍ ውድድር በቀጥታ ያልፋል። በሜዳው ላይ ከአንድ ወገን የሚሰለፉት፣ በረኛውን ጨምሮ፣ 6 ብቻ ናቸው።

ከሊማሊሞ ቁልቁለት በታች ላለችው አዲ አርቃይና ለሰሜን ጎንደር ደጋ ግን፣ በረዶ ባይኖርም፣ እንደ ሆኪ በበትርና በሩር (በኳስ) መጫወት እንግዳ አይደለም። የገና ጨዋታ የሚባለው ይህ ስፖርት ታኅሣሥ 29 የጌታ ልደት ሲከበር ይደምቃል። አዝመራው ተሰብስቦ ሜዳው ደርቋልና ለሩጫ ይመቻል። ጫፉ ቆልመም ያለ ጠንካራ በትር ይመረጣል፤ ሩሯ ከእንጨት ትጠረባለች ወይም ከጠፍር ተጠቅልላ ትሠራለች። የላይ ሰፈርና የታች ሰፈር ተከፍለው እየተጋፉ ሩሯን ወደ ተጋጣሚ ዳር ይነዳሉ። የተጫዋች ቁጥር ገደብ የለውም፤ የሜዳውም ስፋት እንደ ቦታው ነው። ከሁሉ የሚያስደንቀው ግን በዚያ ቀን ጌታና ሎሌ እኩል መጋፋታቸው ነበር፤ በበትር የተመታ ጌታም ቂም አይዝም ነበር።

ዛሬ የገና ጨዋታ ክልሎች በሚገናኙበት የኢትዮጵያ ባህል ስፖርቶች ውድድር ውስጥ ይካሄዳል፤ ደንብና ዳኛም አለው።