የሳተላይት ቴሌቪዥን ዋጋና የጣቢያ ምርጫ፤ ለሐረር ሸማችና ነጋዴ የሚበጀው የትኛው ነው?

ዋጋን ከዋጋ ማስተያየት ለነጋዴ የመጀመሪያው ትምህርት መሆኑ የታወቀ ነው። ይሁን እንጂ ሁለት ዕቃዎች በዓይነትና በአገልግሎት ካልተካከሉ፣ ዋጋቸውን ብቻ ማስተያየት ሚዛንን በአንድ ጎኑ ይዞ እንደ መመዘን ይቆጠራል። በከተማችን በሐረር ባለሱቆች ዘወትር የሚቀርብላቸው «ከሳተላይት ቴሌቪዥን የትኛው ይረክሳል?» የሚለው ጥያቄ ከዚሁ ወገን ነው። ጥያቄው ቀላል ቢመስልም፣ በችኮላ የተመለሰለት የሻይ ቤት ባለቤት ለዓመት የሚዘልቅ ወጪ ውስጥ ሲገባ፣ በችኮላ የመለሰለትም ባለሱቅ ደንበኛውን ሲያጣ ይታያል። ስለዚህ በዛሬው ጽሑፋችን ጉዳዩን በየመልኩ ለይተን ለአንባቢዎቻችን ለማቅረብ አስበናል።

ቴሌቪዥን በአገራችን ሥራውን የጀመረው ጥቅምት 23 ቀን 1957 ዓ.ም. ሲሆን፣ ከዚያ ወዲህ ለብዙ ዘመን ተመልካቹ የሚያውቀው አንድ ጣቢያ ብቻ ስለ ነበረ የማነጻጸር ችግር አልነበረበትም። ኢ.ቢ.ኤስ. በ2000 ዓ.ም.፣ ቃና ደግሞ በ2008 ዓ.ም. በሳተላይት ብቅ ካሉ በኋላ ግን፣ ዲሽ ከሬዲዮ ቀጥሎ በየቤቱ የሚገኝ ዕቃ ሆነ። ዛሬ ለሐረር ሰው የሚቀርቡት አገልግሎቶች በሦስት ይከፈላሉ። እነዚህም ያለ ክፍያ የሚታዩት የኢትዮጵያ ጣቢያዎች፣ ያለ ክፍያ የሚታዩት የዐረብ አገር ጣቢያዎች፣ እንዲሁም በወር ክፍያ የሚታዩት ጣቢያዎች ናቸው።

፩ኛ. ያለ ክፍያ ስለሚታዩት

በ2012 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ብሮድካስተሮች ማኅበር ኤስ.ኢ.ኤስ. ከተባለው የሉክሰምበርግ የሳተላይት ኩባንያ ጋር በመዋዋሉ፣ ኢትዮሳት የተባለው አገልግሎት ተቋቋመ። ሳተላይቱ ኤን.ኤስ.ኤስ. 12 ሲባል፣ የሚገኘውም በምሥራቅ 57 ዲግሪ ላይ ነው። አስቀድሞ ብዙዎቹ የአገራችን ጣቢያዎች ይታዩ የነበሩት ናይልሳት ከሚገኝበት ከምዕራብ 7 ዲግሪ አካባቢ ስለ ነበር፣ ሕዝቡ ዲሹን ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ማዞር ግድ ሆነበት።

የኢትዮሳት ጥቅም ግልጽ ነው። ዲሽና ሪሲቨር አንድ ጊዜ ከተገዛ በኋላ ወርኃዊ ክፍያ የለበትም። ኢ.ቲ.ቪ.፣ ፋና፣ ኢ.ቢ.ኤስ. እና የየክልሉ ጣቢያዎች ሁሉ በአንድ አቅጣጫ ይገኛሉ። አማርኛ፣ ኦሮምኛ፣ ሶማሊኛና ሐረሪኛ በአንድ ሰፈር ለሚነገሩባት ለሐረር፣ ሁሉንም በየቋንቋው የሚያስተናግድ አገልግሎት ከዚህ የተሻለ አይገኝም። ጉድለቱ ደግሞ የውጭ አገር የእግር ኳስ ውድድር ፈልጎ ለሚገዛ ሰው የሚያጠግብ አለመሆኑ ነው። በዚህም ላይ ጥራት ያለውን ሥርጭት አሮጌው ሪሲቨር ስለማይከፍተው፣ ገዥው የሚገዛው ሪሲቨር ኤች.ዲ. የሚቀበል መሆኑን አስቀድሞ መጠየቅ ይገባዋል።

የዐረብ አገር ጣቢያዎች በበኩላቸው በናይልሳትና በዐረብሳት በነጻ ይታያሉ። ዜናውን ከአልጀዚራ ለሚከታተል፣ ወይም በረመዳን ወር ከመካ የሚተላለፈውን ጸሎት ከቤተ ሰቡ ጋር ሆኖ ማየት ለሚወድ ደንበኛ፣ ሌላ ማንኛውም አገልግሎት በዚህ ምትክ ሊሰጠው አይችልም። ስለዚህ በጀጎል ውስጥ ሁለት ዲሽ ጎን ለጎን ተተክሎ ማየት የተለመደ ነው።

፪ኛ. የጀጎል ግድግዳና የሰማዩ አቅጣጫ

በሌላ ከተማ እምብዛም የማያሳስብ፣ በሐረር ግን ከዋጋው በፊት መታየት የሚገባው ነገር አለ። እርሱም ዲሹ የሚተከልበት ቦታ ነው። ጀጎል በግማሽ ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ውስጥ እጅግ ብዙ ጠባብ መተላለፊያዎችን የያዘ፣ ግድግዳ ከግድግዳ የተጠጋጋበት ከተማ ነው። የሳተላይቱ ምልክት ደግሞ በግድግዳ ውስጥ አያልፍም።

ሐረር ላይ ቆሞ ለሚመለከት ሰው፣ የኢትዮሳት ምልክት ከደቡብ ምሥራቅ ወገን ከአድማስ ወደ 70 ዲግሪ ያህል ከፍ ብሎ፣ ማለት ከአናት በላይ ሊሆን ጥቂት ሲቀረው ይመጣል። የናይልሳት ምልክት ግን ከምዕራብ ወገን 33 ዲግሪ ያህል ብቻ ከፍ ብሎ ይመጣል። ልዩነቱ በአንድ ምሳሌ ይታይ። የጎረቤት ግድግዳ ከዲሹ በ3 ሜትር ከፍ ያለ እንደ ሆነ፣ የኢትዮሳትን ምልክት ለመቀበል ከግድግዳው 1 ሜትር ያህል መራቅ ይበቃል። ለናይልሳት ግን ከ4 ሜትር ተኩል የማያንስ ርቀት ያስፈልጋል። በጀጎል መተላለፊያ ውስጥ 4 ሜትር ተኩል ከየት ይገኛል? በዚህ ምክንያት የዐረብ ጣቢያ የሚፈልግ ሰው ዲሹን ወደ ጣራው ማውጣት አለበት፤ የገመዱና የተካዩ ዋጋም በሒሳቡ ውስጥ መግባት ይገባዋል።

የክፍያ ቴሌቪዥን የሆነው ዲ.ኤስ.ቲቪ የሚተላለፍበት ሳተላይት በምሥራቅ 36 ዲግሪ ላይ የሚገኝ ሲሆን፣ ከሐረር ሲታይ በደቡብ ምዕራብ ወገን ወደ 77 ዲግሪ ያህል ከፍ ይላል። በግድግዳ መጋረድ ረገድ የተመቸ ነው። ነገር ግን ከኢትዮሳት በ21 ዲግሪ ስለሚራራቅ፣ ሁለቱን በአንድ ተራ ዲሽ አጥጋቢ አድርጎ መቀበል አይቻልም። ሁለቱንም የሚፈልግ ደንበኛ የሁለት ዲሽ ወጪ ይጠብቀዋል ማለት ነው።

ሌላም ነገር አለ። ጀጎል በ1998 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። በጥንታዊው ቤት ጠፍጣፋ ጣራ ላይ አምስትና ስድስት ዲሽ ተደርድሮ ሲታይ፣ ለእንግዳ ማረፊያ ባለቤቶችና ለአስጎብኚዎች ማለትም ከቅርሱ ለሚተዳደሩት ሁሉ ጉዳት ነው። በአንድ ግቢ የሚኖሩ አራት ቤተ ሰቦች አራት መውጫ ባለው ኤል.ኤን.ቢ. በአንድ ዲሽ መጠቀም ሲችሉ፣ አራት ዲሽ መትከል ገንዘብንም ጣራንም ማባከን ነው። እያንዳንዱ ቤት የራሱን ሪሲቨር ስለሚይዝ፣ አንዱ የሌላውን ጣቢያ አይለውጥበትም።

፫ኛ. በክፍያ ስለሚታዩት

በክፍያ ቴሌቪዥን ረገድ በአገራችን ረጅም ዕድሜ ያለው የደቡብ አፍሪካው መልቲቾይስ፣ ማለት የዲ.ኤስ.ቲቪ ባለቤት ነው። ለኢትዮጵያ ደንበኞቹ ጎጆ፣ ቤተሰብ፣ ሜዳ የሚሉ የአማርኛ ስሞች የሰጣቸውን ጥቅሎች ከማቅረቡም በላይ፣ አቦል የተባለ የአማርኛ ጣቢያ ከፍቷል። የእንግሊዝን ፕሪሚየር ሊግ ጨዋታም በአማርኛ ተንታኞች አስተላልፏል። በ2013 ዓ.ም. የፈረንሳዩ ካናል ፕላስ የአማርኛ ጣቢያዎችን ይዞ ወደ አገራችን በመግባቱ፣ ሸማቹ ሁለት ነጋዴዎች ስለ እርሱ ሲሽቀዳደሙ ለማየት በቃ። የካናል ፕላስ ሥርጭት ከኢትዮሳት ጋር በአንድ አቅጣጫ መሆኑም ተጨማሪ ዲሽ ስለማያስገዛ ትልቅ ብልጫ ነበረው።

ነገር ግን መስከረም 12 ቀን 2018 ዓ.ም. ካናል ፕላስ መልቲቾይስን በእጁ አስገባ። ትናንት ይፎካከሩ የነበሩት ሁለቱ ኩባንያዎች በአንድ ጌታ ሥር ሆኑ። የንግድ ሰው የዚህን ትርጉም ሳይነገረው ይረዳል። በአንድ ገበያ ሁለት ሻጮች ሲኖሩ ዋጋን የሚጠብቀው ፉክክራቸው ነው፤ ሁለቱ አንድ ሲሆኑ ግን ዋጋን የሚጠብቀው የገዥው ጥንቃቄ ብቻ ይሆናል። ስለሆነም ዛሬ በክፍያ ለሚታየው ቴሌቪዥን እውነተኛው ተፎካካሪ ሌላ የክፍያ ኩባንያ ሳይሆን፣ ነጻው ኢትዮሳት ነው።

የውጭ ምንዛሪም ነገር አይዘንጋ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን በተደረገ ጊዜ፣ ከዚያ በፊት በ57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆነ። የፊልምና የጨዋታ መብት የሚገዛው፣ ሳተላይቱም የሚከራየው በውጭ ገንዘብ ስለ ሆነ፣ የወር ክፍያ ባለበት ይቆያል ብሎ የዓመት ሒሳብ የሚሠራ ሰው ይሳሳታል።

፬ኛ. የሒሳቡ አሠራር

ትክክለኛው ማነጻጸሪያ የወሩ ክፍያ ሳይሆን የዓመቱ ጠቅላላ ወጪ ነው። ይኸውም የዲሽ፣ የሪሲቨር፣ የገመድና የተከላ ዋጋ በዕቃው ዕድሜ ተካፍሎ፣ በላዩ 12 የወር ክፍያ ይደመርበታል። ድምሩም የሚካፈለው በማስታወቂያው ላይ በተዘረዘሩት ጣቢያዎች ብዛት ሳይሆን፣ ቤተ ሰቡ በእርግጥ በሚያያቸው ጣቢያዎች ቍጥር ነው። መቶ ጣቢያ ገዝቶ ስድስት የሚያይ ሰው የገዛው ስድስት ጣቢያ ነው።

ለስሌት ያህል ብቻ አንድ ምሳሌ እንውሰድ። በፈረስ መጋላ አጠገብ ያለ አንድ የሻይ ቤት ባለቤት ለጨዋታ ማሳያ በወር 3,000 ብር ይከፍላል እንበል። ከአንድ ስኒ ቡና ላይ ፍሬው፣ ከሰሉ፣ ስኳሩና የሠራተኛው ደመወዝ ተቀንሶ 5 ብር ቢተርፈው፣ ክፍያውን ለመሸፈን ብቻ በወር 600 ስኒ፣ በቀን 20 ስኒ ተጨማሪ ቡና መሸጥ አለበት። ይህም ቴሌቪዥኑ ባይኖር ኖሮ ሊሸጠው ከሚችለው በላይ መሆን አለበት፤ ያለ ጨዋታም ይመጡ የነበሩትን ደንበኞች በትርፉ ውስጥ መቍጠር ራስን ማታለል ነው። የእንግሊዝ ውድድር በነሐሴ ተጀምሮ በግንቦት ስለሚያልቅ፣ በሰኔና በሐምሌ ያንኑ ከፍተኛ ክፍያ መቀጠል ምን ትርፍ አለው? ክፍያው በየወሩ አስቀድሞ የሚከፈል በመሆኑ፣ በነዚያ ወራት ወደ ዝቅተኛው ጥቅል መውረድ ይቻላል። በዚህ አንድ ጥንቃቄ ብቻ የዓመቱ ወጪ ሊቀንስ ይችላል።

የመኖሪያ ቤት ጥቅል ለቤት ብቻ የተሰጠ ፈቃድ መሆኑን ማወቅም ይገባል። ሆቴሎች፣ ቡና ቤቶች፣ እንዲሁም ሕዝቡ «ዲ.ኤስ.ቲቪ ቤት» የሚላቸው ጨዋታ ማሳያዎች የሚዋዋሉት በንግድ ጥቅል ነው። በቤት ጥቅል ሕዝብ ሰብስቦ ገንዘብ መቀበል ውልን ማፍረስ ነው፤ የሥርጭት ድርጅቶችም መብት በቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቍጥር 410/1996 የተጠበቀ ነው።

፭ኛ. «ሰርቨር» ስለሚባለው

በየገበያው «አንድ ጊዜ ከፍለህ ሁሉን ክፈት» ተብሎ የሚሸጥ ሪሲቨር አለ። በተለምዶ «ሰርቨር» ይባላል። አሠራሩ ሌላ ሰው በሕጋዊ መንገድ የከፈለበትን ካርድ ቍልፍ በኢንተርኔት አማካይነት ለብዙ ሰው ማከፋፈል ነው። ዋጋው እጅግ ርካሽ በመሆኑ ብዙዎችን ያማልላል። ይሁን እንጂ ባለመብቱ ቍልፉን በለወጠ ቀን ምስሉ ይጨልማል፤ ያን ጊዜ ገዥው የሚያገኘው የማይታወቀውን የሰርቨሩን ባለቤት ሳይሆን፣ ዕቃውን የሸጠለትን የሰፈሩን ባለሱቅ ነው። ለዓመት የተከፈለ ገንዘብ በሦስተኛው ወር ሲጠፋ፣ ከገንዘቡ ጋር የሚጠፋው የባለሱቁ ስም ነው። ሁሉም ሰው በሚተዋወቅባት በሐረር ስም ከጠፋ በኋላ በቅናሽ ዋጋ አይመለስም።

፮ኛ. ለአስመጪና ለባለሱቅ

ከጅቡቲ ወደብ የገባ ዕቃ በድሬዳዋ፣ በተለይም «ታይዋን» በሚባለው ገበያ በኩል ወደ ከተማችን እንደሚደርስ ይታወቃል። ለሐረር ዕቃ የሚያመጣ ነጋዴ ለሐረር የሚስማማውን ይምረጥ። ኤች.ዲ. የማይቀበል ሪሲቨር በርካሽ አገኘሁ ብሎ መጋዘን መሙላት፣ በክረምት ጃንጥላ ትቶ መረብ እንደ ማስመጣት ነው። በአንጻሩ አራት መውጫ ያለው ኤል.ኤን.ቢ.፣ ሁለት ዲሽ ከአንድ ሪሲቨር ጋር የሚያገናኘው ስዊች፣ ፀሐይና ዝናብ የሚችል ገመድ በጀጎል ውስጥ ሁልጊዜ ፈላጊ አላቸው። ዝናብ ሲከብድ ምልክቱ ስለሚደክም፣ ትንሹን ዲሽ በርካሽ ከመሸጥ ሻል ያለውን መጠን ማስያዝ ለደንበኛውም ለሻጩም ዕረፍት ይሰጣል።

ባለሱቅም ከመሸጡ በፊት አራት ጥያቄዎች ይጠይቅ። ቤቱ ከጀጎል ውስጥ ነው ወይስ ከቅጥሩ ውጭ? ጣራው የግል ነው ወይስ የጋራ? ቤተ ሰቡ በእርግጥ የሚያየው የትኞቹን ጣቢያዎች ነው? ለቤት ነው ወይስ ለንግድ? የነዚህ መልስ ከታወቀ ምርጫው ራሱን ይገልጣል።

ለጠቅላላው ማጠቃለያ እንዲሆን፣ ለአብዛኛው የሐረር ቤተ ሰብ በመጀመሪያ የሚበጀው ኢትዮሳት ነው። የዐረብ ጣቢያ የሚያስፈልገው ጣራውን አስቀድሞ ይመርምር። የክፍያ ቴሌቪዥን ጨዋታን በሕጋዊ የንግድ ጥቅል አሳይቶ ትርፉን በስኒ ቍጥር ማስላት ለሚችል ነጋዴ፣ ወይም ክፍያው ከቀለቡ ለማይነካበት ሰው ነው። ይህን ለደንበኛው በግልጽ የሚነግር ባለሱቅ ዛሬ አንድ ውድ ዕቃ ሳይሸጥ ይቀር ይሆናል፤ ነገ ግን ያው ደንበኛ ጎረቤቱን አስከትሎ ይመጣል።