ከጎሬ ወደ ጋምቤላ፦ የኩርባው ሂሳብ

ከአዲስ አበባ ተነስቶ ጋምቤላ አውሮፕላን ማረፊያ የሚደርስ መንገደኛ የወረደው ቁልቁለት የሚታወቀው በሩ ተከፍቶ ሙቀቱ ሲቀበለው ነው። ከጎሬ በቡሬ በኩል በሞተር ሳይክል የሚመጣ ግን እያንዳንዱን ኩርባ ይቆጥራል። ጎሬ 2,000 ሜትር ገደማ፣ ጋምቤላ 500 ሜትር ገደማ ላይ ናቸው። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የኢሉባቦር ቡና ወደ ባሮ ወንዝ ወደብ ይጓዝ የነበረውም ይህንኑ ተዳፋት ወርዶ ነው።

ልምድ ካላቸው ጓደኞቹ ጋር እዚህ ቁልቁለት ላይ የወጣ አዲስ ሞተረኛን ከኩርባው ይልቅ የሚያሰጋው ከፊቱ ያለው ሰው ፍጥነት ነው።

ሞተር ሳይክል ኩርባን የሚያልፈው ወደ ውስጥ አጋድሎ ነው። የማጋደሉን መጠን የሚወስኑት ፍጥነትና የኩርባው ስፋት ናቸው፤ የሞተሩ ክብደት አይገባበትም። የኩርባው ሬዲየስ 30 ሜትር ነው እንበል። በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር ለሚነዳ 23 ዲግሪ ያህል ማጋደል ይበቃዋል። በ60 ለሚገባ ግን 43 ዲግሪ ያስፈልጋል። ፍጥነቱ የጨመረው በግማሽ ነው፤ ጎማው ከመንገዱ የሚፈልገው ጉልበት ግን ከእጥፍ በላይ አድጓል። ይህ በደረቅ አስፋልት ላይ እንኳ ሊያንሸራትት የሚችል መጠን ነው። ጎሬ አካባቢ በዓመት 2,000 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ ይጥላል፤ እርጥብ አስፋልትና በዳር የተበተነ ኮረኮንች ደግሞ ጎማውን ቀድመው ይለቁታል።

ቡድን ይህን ሂሳብ ያዛባል። መሪው ከኩርባው ወጥቶ ነዳጅ ሲሰጥ የኋለኛው ገና እየገባ ነው። ርቀቱ ሲሰፋ ያየ ጀማሪ ለመድረስ ይቸኩላል፤ የሚቸኩለውም ፍጥነት መቀነስ በሚገባው ቦታ ላይ ነው። ሰልፉ በረዘመ ቁጥር የመጨረሻው ሰው ሩጫ ይብሳል። ስለዚህ የጀማሪ ቦታ ከመሪው ቀጥሎ ነው፤ ፍጥነቱን የሚወስነውም ጀማሪው ነው። ቀጥ ባለ መንገድ ግራና ቀኝ እየተፈራረቁ መሄድ ይቻላል፤ ኩርባ ላይ ግን አንድ በአንድ፣ ሰፋ ባለ ርቀት ነው።

ማጋደል የሚጀምረው ከእጅ ነው። ወደ ግራ ለመታጠፍ የሞተሩን የግራ እጀታ ወደ ፊት ገፋ ማድረግ ይበቃል፤ የፊት ጎማው ለቅጽበት ወደ ቀኝ ዞር ሲል ሞተሩ ወደ ግራ ያጋድላል። ዓይን ደግሞ የኩርባውን መውጫ ይፈልግ። የደነገጠ ሰው ገደሉ ላይ ካፈጠጠ እጁም ወደዚያው ይሄዳል።

ፍሬንም ልክ አለው። ከነነጂው 200 ኪሎ ግራም የሚመዝን ሞተር 1,500 ሜትር ሲወርድ የሚለቀው ጉልበት 8 ሊትር ቀዝቃዛ ውሃ ያፈላል። ከፊሉን ነፋሱ ይወስዳል። ነዳጅ ለመቆጠብ ብሎ በዜሮ ማርሽ የሚለቅ ሰው የቀረውን ሁሉ ፍሬኑ ላይ ይጭናል፤ ከመጠን በላይ የጋለ ፍሬን ደግሞ መያዝ ያቅተዋል። በዝቅተኛ ማርሽ ቢወርድ ሞተሩ ራሱ ይይዝለታል። ዋናው ፍሬንም ከኩርባው በፊት፣ ሞተሩ ቀጥ ብሎ ሳለ ይያዝ፤ አጋድሎ ፍሬን የሚያጠብቅ ጎማውን ሁለት ሥራ ባንድ ጊዜ ይጠይቀዋል።

ከመነሳታቸው በፊት ቡድኑ ቀድሞ የደረሰ የት ቆሞ እንደሚጠብቅ ይስማማ። እንደሚጠበቅ የሚያውቅ ጀማሪ ለመድረስ አይሮጥም።