መነጽር ብርሃን አይፈጥርም

የአየር ጠመንጃ ባሩድ የለውም። የታመቀ አየር ትንሿን የእርሳስ ጥይት ገፍቶ ያስወጣታል፤ በቃ። ይህ መሣሪያ በእንግሊዝ አገር ገጠር የተለመደ ነው። እዚያ ጥንቸል ቡቃያና የግጦሽ ሣር ታጠፋለች። መሬቱን የያዘው ገበሬም በመሬቱ ላይ ጥንቸል እንዲገድል እ.ኤ.አ. በ1880 የወጣ ሕግ ፈቅዶለታል። ነገር ግን ጥንቸል በጠራራ ፀሐይ እምብዛም አትገኝም። ከጉድጓዷ ወጥታ የምትግጠው በአብዛኛው ጎሕ ሲቀድና ለዓይን ያዝ ሲያደርግ ነው። በእኛ አገር ፀሐይ ከጠለቀች ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ይጨልማል። በእንግሊዝ የበጋ ምሽት ግን ድንግዝግዙ ይረዝማል። አዳኙም አድፍጦ የሚጠብቀው በዚሁ ሰዓት ነው።

ታዲያ በጠመንጃው ላይ የሚታሰረው ማነጣጠሪያ መነጽር ምን ዓይነት ይሁን? በዚህ ጽሑፍ የምንመለከተው ይህን ነው።

ጉዳዩ እንደ ቀላል የሚታይ አይደለም። በእንግሊዝ ያለ ልዩ የጦር መሣሪያ ፈቃድ የሚያዝ የአየር ጠመንጃ ጉልበቱ ከ16 ጁል ብዙም አያልፍም። የክላሽንኮቭ ጥይት ጉልበት ግን 2,000 ጁል ገደማ ነው። ልዩነቱን እናስተውል። በ16 ጁል ጥንቸልን ወዲያው ለመግደል ጥይቷ ጭንቅላቷን፣ ያውም አንጎል ባለበት በኩል፣ ማግኘት አለባት። ይህ ቦታ ከአንድ ሳንቲም ብዙም አይሰፋም። ጥቂት የሳተች ጥይት እንስሳዋን አቁስላ ትሰዳታለች። ጥንቸሏም ጉድጓዷ ገብታ ስትሠቃይ ቆይታ ትሞታለች። ስለዚህ አጥርቶ ማየት የጌጥ ነገር አይደለም።

ዓይናችን ሲመሽ

መነጽር ከመምረጣችን በፊት ዓይናችንን እንወቅ። ብርሃን ወደ ዓይን የሚገባው በብሌን በኩል ነው። ብሌን እንደ መስኮት ነው። ቀን በብርሃን ሲሆን ይጠባል፤ ስፋቱም ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ይሆናል። ሲጨልም ይከፈታል። በወጣት ሰው እስከ 7 ሚሊ ሜትር ሊደርስ ይችላል። ዕድሜ ሲገፋ ግን ብሌን እንደ ድሮው አይከፈትም፤ 5 ሚሊ ሜትር ወይም ከዚያ በታች ይቀራል።

በዓይን ውስጥ ሁለት ዓይነት ብርሃን ተቀባይ ሕዋሳት አሉ። አንደኞቹ የቀን ናቸው፤ ቀለምን ይለያሉ። ሁለተኞቹ የጨለማ ናቸው፤ በጥቂት ብርሃን ይሠራሉ እንጂ ቀለም አይለዩም። ይህን ለመረዳት ሲመሽ ደጅ ወጥቶ አንድ ቀይ በርበሬ በአረንጓዴ ቅጠል ላይ አስቀምጦ ማየት ነው። ብርሃኑ እየቀነሰ ሲሄድ ቀዩ በርበሬ አስቀድሞ ይጠቁራል፤ ቅጠሉ ግን ገና ፈካ ብሎ ይታያል። የጨለማ ሕዋሳት ቀይን ስለማያዩ ነው። እነዚህ ሕዋሳት በሚገባ እስኪነቁ ደግሞ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ይፈጃሉ። በመካከሉ አንዴ ባትሪ ቢበራ ድካሙ ሁሉ ከንቱ ነው፤ እንደገና መጠበቅ ያስፈልጋል።

ሁለቱ ቁጥሮች

በመነጽር ላይ እንደ 6×42 ያለ ጽሑፍ ይገኛል። የመጀመሪያው ቁጥር ስንት ጊዜ እንደሚያጎላ ይናገራል። ሁለተኛው የፊት ሌንሱ ስፋት በሚሊ ሜትር ነው። ሁለተኛውን ለመጀመሪያው ብናካፍል ከመነጽሩ ወጥቶ ዓይናችን ላይ የሚያርፈውን የብርሃን ክብ ስፋት እናገኛለን። 42 ለ6 ሲካፈል 7 ይሆናል። የወጣት ሰው ብሌንም በጨለማ 7 ነው። መስኮቱና ብርሃኑ ልክ ለልክ ገጠሙ ማለት ነው።

አሁን 12×50 የተባለውን እንይ። ሌንሱ ትልቅ ነው፤ ቁጥሩም ያስጎመጃል። ነገር ግን 50 ለ12 ሲካፈል 4 ገደማ ብቻ ነው። 7 ሚሊ ሜትር ለተከፈተ ዓይን 4 ሚሊ ሜትር ብርሃን ይሰጠዋል፤ ምስሉም ይጨልማል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ሲመሽበት ማጉያውን ይጨምራል፤ በጨመረ ቁጥር ግን ይጨልምበታል።

ታዲያ ማጉላት ጨርሶ አይጠቅምም? ይጠቅማል እንጂ! ጆሮን ከሣር፣ ዓይንን ከጆሮ ለመለየት መጠነኛ ማጉላት ያስፈልጋል። በጀርመንና በኦስትሪያ በጨረቃ ብርሃን አሳማ የሚያድኑ ሰዎች 8×56 የሚወዱት ለዚህ ነው፤ እሱም ሲካፈል 7 ይመጣል። ይህ መነጽር ግን ከባድ ነው፤ ከአፈሙዙም በላይ ከፍ ብሎ ይታሰራል። በ30 ሜትር ለሚተኩስ የአየር ጠመንጃ 6×42 ወይም 6×40 ይበቃል። ዕድሜው ለገፋ አዳኝ ደግሞ 8×40 አይከፋም፤ የእሱ ብሌን ከ5 በላይ ብርሃን አያስገባምና።

ከሁሉ በላይ አንድ ነገር እንያዝ። መነጽር ብርሃን አይፈጥርም። የተሻለው መነጽር እንኳ ሣሩን በባዶ ዓይን ከሚታየው አብልጦ አያፈካውም። የሚያደርገው ማጉላትና የመጣውን ብርሃን ሳያባክን ማሳለፍ ነው።

ሌሎች መታየት ያለባቸው ነገሮች

አንደኛ፣ የሌንሱ ቅብ። ያልተቀባ መስታወት በእያንዳንዱ ገጹ ከመቶ 4 ያህሉን ብርሃን መልሶ ያንጸባርቃል። አሥር ገጽ ቢኖር ሲሶው ብርሃን መንገድ ላይ ቀረ ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1935 በጀርመን አገር በካርል ዛይስ ኩባንያ ይሠራ የነበረው አሌክሳንደር ስማኩላ ይህን የሚቀንስ ስስ ቅብ አገኘ። ሌንሱን ወደ ብርሃን ብናዞር የተቀባው ሐምራዊ ወይም አረንጓዴ ደብዛዛ ነጸብራቅ ያሳያል፤ ያልተቀባው እንደ መስኮት መስታወት ነጭ ያብረቀርቃል።

ሁለተኛ፣ መስቀለኛው መስመር። ቀጭን ጥቁር መስመር ሲመሽ ይጠፋል። ዳርና ዳሩ ወፍራም የሆነው ግን መሐሉን ይጠቁማል። መሐሉ ላይ ቀይ ነጥብ የሚያበራም አለ፤ ነገር ግን ብርሃኑ በጣም ዝቅ ማለት መቻል አለበት፤ ያለዚያ ዓይን ያሳውራል።

ሦስተኛ፣ ርቀት። ለትልቅ ጠመንጃ የተሠራ መነጽር ብዙውን ጊዜ የሚስተካከለው ለ90 ሜትር ያህል ነው። በ20 ሜትር ሲታይበት ዓይን ጥቂት ፈቀቅ ባለ ቁጥር መስቀሉ ዒላማው ላይ ይንሸራተታል። ስለዚህ ከ10 ሜትር ጀምሮ የሚስተካከል ይመረጣል።

አራተኛ፣ ጥንካሬ። በሞላ የሚሠራ የአየር ጠመንጃ ሲተኮስ መጀመሪያ ወደ ኋላ፣ ወዲያው ደግሞ ወደ ፊት ይነቀንቃል። ለዚህ ያልተሠራ መነጽር፣ ውድ እንኳ ቢሆን፣ ውስጡ ይላላል።

መነጽር የሚገዛ ሰው በቀትር ሱቅ ውስጥ አይቶ አይወስን። ቀን ብሌን ጠባብ ስለሆነ ሁሉም መነጽር የፈካ ይመስላል። ሲመሽ ደጅ ወጥቶ ቁጥቋጦ ሥር ያለ ቡናማ ነገር ማየት ነው፤ ልዩነቱ ያኔ ይለያል።

ዛሬ በኤሌክትሮኒክ ኃይል ጨለማን የሚያሳዩ መሣሪያዎችም አሉ። ዋጋቸው ግን ከፍ ያለ ነው፤ ለአደን መጠቀማቸውንም የሚገድቡ አገሮች አሉ።

የቸኮለ አፍስሶ ለቀመ ይባላል። የጥንቸሏ ዓይን ከጆሮዋ ተለይቶ ካልታየ፣ ከጀርባዋም በግ ይሁን ውሻ ወይም ሰው ካልታወቀ፣ ጣት ከምላጭ ይነሳ። ጥሩ መነጽር መቼ እንደሚተኮስ ብቻ ሳይሆን መቼ እንደሚተው ጭምር ያሳያል። ጥንቸሏ ነገም ትወጣለች፤ የተተኮሰች ጥይት ግን አትመለስም።

ጥያቄዎች

1. 3×30 የተባለ መነጽር የሚሰጠው የብርሃን ክብ ስንት ሚሊ ሜትር ነው?
2. ሲመሽ ማጉያውን መጨመር ለምን ምስሉን ያጨልማል?
3. መነጽርን በቀትር መፈተን ለምን አይበቃም?