የፍሬን ዲስክ መቼ ይቀየራል?

ሾላ ገበያ አካባቢ ጋራዥ ስለምሠራ ከቪትዝና ከያሪስ ባለቤቶች በየቀኑ የምሰማው ጥያቄ ነው። «ሸራ በተቀየረ ቁጥር ዲስኩም ይቀየር» የሚለው ወሬ ትክክል አይደለም፤ ብዙ ሰው ያለአግባብ ገንዘብ እያወጣ ነው።

ዲስክ የሚቀየረው በዓመት ሳይሆን በውፍረቱ ነው። አምራቹ የመጨረሻውን ውፍረት ዲስኩ ላይ ይቀርጸዋል፤ ብዙውን ጊዜ ከአዲሱ በ2 ሚሊ ሜትር ገደማ ያነሰ ነው። መካኒኩ በዓይኑ ብቻ አይቶ «አልቋል» ካላችሁ፣ በማይክሮሜትር ይለካ በሉት።

ትንሽ መኪና ላይ ከ50,000 እስከ 100,000 ኪሎ ሜትር መሄዱ የተለመደ ነው። ከእንጦጦ ሲወርድ ማርሽ ሳይቀንስ ፍሬን ብቻ የሚረግጥ ሰው ግን ቶሎ ይጨርሰዋል። ከሁሉ የሚከፋው ሸራው አልቆ ብረት ከብረት ሲፋጭ ነው፤ ያኔ ጥሩ ዲስክ በጥቂት ቀናት ይበላሻል። ፍሬኑ ሲጮህ ዝም አትበሉ።

ዲስኩ ሲቀዘቅዝ ጠርዙን በጣታችሁ ዳስሱት። ጥፍር የሚይዝ ከንፈር ካወጣ ተበልቷል፤ አስለኩት። ፍሬን ስትይዙ መሪው የሚንቀጠቀጥ ከሆነም እንዲሁ።

ቶርኖ ቤት ማስላጥ ይቻላል፤ ግን ከተላጠ በኋላ ከተቀረጸው ቁጥር በታች ከወረደ አትግጠሙት። ስትቀይሩም የግራና የቀኙን አብራችሁ ቀይሩ።

ከረጅም ጉዞ እንደገባችሁ የጋለ ዲስክ ላይ ቀዝቃዛ ውሃ አታስረጩ፤ ሊጣመም ይችላል።

ጥያቄ ካላችሁ የመኪናችሁን ሞዴልና የሄደችውን ኪሎ ሜትር ጽፋችሁ ላኩልኝ፤ እመልሳለሁ።